አባባ፣ ስለ ድንጋዩ ነገር

ውድ አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንደማይምርዎት አውቃለሁ። ከሰል ቤት አስገብተው በር እንዳይዘጉ፣ አደራ። እዚህ ሚኒሶታም በረዶው ጀምሯል።

ይሄን የምጽፈው በስልክ ስላላስጨረሱኝ ነው። ከእንጨት ምድጃው ኋላ ግድግዳው ላይ ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቅዎት፣ "ድንጋይ እያለ ምን ትጠይቀኛለህ!" ብለው ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ወሰዱት። ዕድሜውን በግንበኝነት የጨረሰ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድም። ግን አባባ፣ እዚህ ያለው ግድግዳ እርስዎ የሚያውቁት አይደለም።

የእኛ ማድቤት ቋሚና ማገሩ እንጨት ቢሆንም ወፍራም ጭቃ ለብሷል። ይኸው እስከ ዛሬ ጥላሸት እንጂ እሳት አልነካውም። የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ጂፕሰም ቦርድ ነው። ላዩ ወረቀት፣ ጀርባው የእንጨት ቋሚ።

ደግሞ ድንጋይ ነበረበት! የቀድሞው ባለቤት ስስ ድንጋይ በሙጫ ለጥፎበታል። ያምራል። አንዱን ፈልቅቄ ሳየው ግን ከኋላው ያለው ወረቀት ቡኒ ሆኗል። ድንጋዩ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ኋላ ያሳልፋል ማለት ነው። እንጨት ደግሞ ለዓመታት ሲሞቅ ከኖረ፣ አዲስ እንጨት በማይቃጠልበት ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል።

ሙቀቱን የሚያስቀረው አየር ነው። ላሜራ አቆማለሁ፤ ከግድግዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ከላይም ከታችም ክፍት ነው። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይገባል፣ የሞቀው ከላይ ይወጣል። የእኔን ዓይነት አሮጌ ምድጃ፣ ከሚቃጠል ግድግዳ 91 ሴንቲ ሜትር አርቁ ይላሉ። በዚህ ላሜራ ግን እስከ 30 ማስጠጋት ይቻላል። 9 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጡብ ያለ ክፍተት ብገነባ እስከ 61 ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሳሎኔን አይተውታል፤ ምድጃው መሀል ሊቆም ነው! ጡቡን በክፍተት ብገነባው እንደ ላሜራው ይሠራል፤ ግን ወለሉም እንጨት ነው፣ ክብደቱን ፈራሁት።

ላሜራውን ከግድግዳው የሚያርቁት ቁርጥራጮች ብረት ናቸው፣ እንጨት አይሆንም። ከምድጃው ትክክል ኋላም ብሎን አላስርም፤ ብሎኑ ራሱ ሙቀት ያሻግራል። መልኩ ግን ያስጠላል፣ አልዋሽዎትም። ባለቤቴ ገና ካሁኑ "የጋራዥ በር አስመሰልከው" እያለች ነው። ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም እቀባዋለሁ።

እሁድ በቪዲዮ እደውላለሁ። መነጽርዎን ያዘጋጁ። መቆሙን በቱንቢ ለክቼ አሳይዎታለሁ፤ ከጠመመ ይሳደቡ። እሳቱ በደንብ ከተያያዘ በኋላ በጎን በኩል ጣቴን አስገብቼ ግድግዳውን እነካለሁ። እርስዎ ይቁጠሩ።

ልጅዎ