«የገዳዩ ጠበቃ» አትበሏት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ የሞት ፍርድ ይግባኝ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ዘገባው መጥፎ አይደለም። ቀኑ ልክ ነው፣ የተከሰሰበት አንቀጽም ልክ ነው። ቅር ያለኝ ርእሱ ላይ ባሉት ሁለት ቃላት ነው፦ «የገዳዩ ጠበቃ»። ጠበቃዋ ስም አላት። ደግሞም አውቃታለሁ። ሥራ የጀመረችው እኔ ቢሮ ነው።

እኔ ራሴ የሞት ቅጣት የሚያስከትሉ መዝገቦችን ስይዝ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ስሙ ለእኔ አዲስ አይደለም። ከዚህ የባሰም ተብያለሁ። ሰው ቤት ተጋብዤ አንዱ ሥራዬን ሲሰማ ብርጭቆውን ይዞ ራቅ ይላል። ደፈር ያለው ደግሞ ጠጋ ብሎ «እንዴት አስቻለህ?» ይለኛል። ድሮ ረጅም መልስ ነበረኝ። ሕግ እጠቅሳለሁ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ የጋበዙኝን ሰዎች አሳቅቃለሁ። አሁን «ይልቅ መጀመሪያ ማን ተከራከረለት ብለህ ጠይቀኝ» ብዬ ዝም እላለሁ።

ምክንያቱም በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ክስ ይቀርባሉ። አንዱ ዕድሜ ልክ ይታሰራል፣ ሌላው ሞት ይፈረድበታል። ልዩነቱ ከየት መጣ ብዬ መዝገቡን ሳገላብጥ፣ ብዙ ጊዜ የማገኘው ከወንጀሉ ሳይሆን ከጠበቃው ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሩት ቤደር ጊንስበርግ በ2001 ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል። ቅጣቱ ሊፈጸም ሲል የእግድ ጥያቄ ከቀረበባቸውና እሳቸው ካዩአቸው በርካታ መዝገቦች መካከል፣ ተከሳሹ በመጀመሪያው ችሎት ጥሩ ጠበቃ የነበረው አንድም አላጋጠማቸውም። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሰዉ ይህን ሥራ ችሎት ፊት ቆሞ መናገር አድርጎ ያስበዋል። ንግግሩ እኮ ትንሿ ክፍል ናት። የቀረው መቀመጥ ነው።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ማንነቱ እንዳይለይ አንዳንድ ነገር ቀያይሬ ነው የምነግራችሁ። መዝገቡ እኔ ጋ የመጣው ሞት ከተፈረደበት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። እኔ ወረቀቴን ዘርግቼ እጠይቃለሁ። እሱ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ስንጥቅ በጥፍሩ እየተከተለ ይሄድና ይመለሳል። በአምስተኛው ቀን ወረቀቱን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል «ጠበቃዬ፣ እህቴን ያገኙልኛል?» አለ።

እህቱ ከአልጋዋ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን ጎትታ አወጣች። ፎቶዎች፣ የሟች እናታቸው መታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርዶች። ከሁሉም ሥር ውኃ ነክቶት ቀለሙ የተሰራጨ የሕክምና ካርድ አለ። ልጁ በስምንት ዓመቱ ከጣሪያ ወድቆ ለአራት ቀን ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ሪፖርት ካርዶቹ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከክፍሉ ሁለተኛ ይወጣ የነበረ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አርባ ሁለተኛ ወጥቷል። «ይህን ለመጀመሪያው ጠበቃ ነግረሽው ነበር?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

ካርዱ ላይ ያለው ቀን አይነበብም። የሕክምና ተቋሙን የድሮ መዝገብ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ስንት ጊዜ «ነገ ይምጡ» እንዳሉኝ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ መዝገቡ ተገኘ፣ የአንጎል ሐኪም መረመረው፣ ፍርድ ቤቱም ቅጣት ማቅለያውን ተቀብሎ ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠው። ነጻ አልወጣም። ይውጣ ብዬም አልጠየቅኩም። ሰው ገድሏል።

የመጀመሪያው ጠበቃ ክፉ ሰው አልነበረም። ኋላ አግኝቼው አውርተናል። በዚያን ጊዜ ከሰላሳ በላይ መዝገብ በእጁ ነበር። ደንበኛውን ያገኘው በችሎቱ ቀን ጠዋት ኮሪደር ላይ ነው። የሚከፈለው ለትራንስፖርት እንኳ አይበቃም ነበር። ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም።

ገንዘብና ትጋት ሲጎድሉ ምን እንደሚመጣ በአደባባይ ከሚታወቅ መዝገብ ላሳያችሁ። አንቶኒ ሬይ ሂንተን የሚባል ሰው በ1985 በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት በሁለት ሰዎች ግድያ ተከሰሰ። የእሱ የጣት አሻራ አልተገኘም። የተገኘው ከእናቱ ቤት የተወሰደ አሮጌ ሽጉጥና ከወንጀሉ ቦታዎች የተሰበሰቡ ጥይቶች ናቸው። ጥይቶቹ ከዚያ ሽጉጥ ወጥተዋል ከተባለ አለቀለት። አልወጡም ከተባለ ክሱ ባዶ ነው። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በባለሙያ ምስክር ላይ ነው ማለት ነው። መንግሥት የመደበለት ጠበቃ ግን ለባለሙያ የሚፈቀደው ገንዘብ ከ1,000 ዶላር አይበልጥም ብሎ አመነ። ያ ገደብ ከችሎቱ በፊት ከሕጉ ወጥቶ ነበር። ጠበቃው አላየውም። በዚያ ገንዘብ የተገኙት ባለሙያ አንድ ዓይናቸው የማያይ መሐንዲስ ነበሩ። ዐቃቤ ሕጉ በመስቀለኛ ጥያቄ ማይክሮስኮፑን ለመጠቀም ሳይቀር እንደተቸገሩ አናዘዛቸው።

ሂንተን ሞት ተፈረደበት። በኋላ ብራያን ስቲቨንሰን በ1989 ያቋቋመው የጠበቆች ድርጅት መዝገቡን ያዘ። ሦስት ባለሙያዎች ጥይቶቹን ከሽጉጡ ጋር ማገናኘት አይቻልም ብለው መሰከሩ። እንዲያም ሆኖ ዓመታት አለፉ። በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቃው ሕጉን አለማወቁ ከጠበቃ ከሚጠበቀው በታች ነው አለ። በ2015 ሂንተን ከእስር ወጣ። እስር ቤት ከገባ ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። ለጀማሪ ጠበቆች ይህን ስነግራቸው ሁሉም የሚይዙት ስለ ባለሙያው ዓይን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ያልተነበበችው አንቀጽ ናት። ከመደርደሪያ ወርዶ አንድ ገጽ መግለጥ ነበር እኮ!

ደግሞ የብርቅ ታሪክ አይደለም። በ1931 እዚያው አላባማ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች በተያዙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ችሎት ቀርበው ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። በሞት በሚያስቀጣ ክስ ለተከሳሽ የምር ጠበቃ ሊኖረው ይገባል የሚለው የ1932 ውሳኔ የመጣው ከእነሱ መዝገብ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ በ1984 በተካሄደ ችሎት ላይ ጠበቃው ደጋግሞ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገው ነበር። ደንበኛው ሞት ተፈረደበት። እንዲህ ያለው ጠበቃ እንደሌለ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ሰውየው እንደ አዲስ ይዳኝ የሚለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ የተገኘው በ2001 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት።

ሥራው ጠበቃውንም ይለውጠዋል። ፈረንሳዊው ሮቤር ባዳንቴር በ1972 ሮዤ ቦንተም ለሚባል እስረኛ ተከራከረ። ቦንተምና ጓደኛው እስር ቤት ውስጥ ሰዎች አግተው፣ አንዲት ነርስና አንድ ጠባቂ ተገድለዋል። ፍርድ ቤቱ ቦንተም በገዛ እጁ እንዳልገደለ አረጋገጠ። ቢሆንም ሞት ፈረደበት። ባዳንቴር ሌሊት ተነስቶ ደንበኛውን አንገት እስከሚቆርጠው መሣሪያ፣ እስከ ጊሎቲኑ ሸኘው። በ1977 ደግሞ እዚያው ትሯ ከተማ፣ እዚያው ፍርድ ቤት ተመልሶ ለፓትሪክ አንሪ ቆመ። አንሪ የሰባት ዓመት ልጅ አግቶ የገደለ ሰው ነው። ጥፋቱ አላከራከረም፣ አገሩ በሙሉ ይሙት ይል ነበር። ባዳንቴር የተሟገተው ከቅጣቱ ከራሱ ጋር ነው። አንሪ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ከአራት ዓመት በኋላ ባዳንቴር የፍትሕ ሚኒስትር ሆኖ ጥቅምት 1981 የወጣውን የሞት ቅጣት ማስቀሪያ ሕግ ለፓርላማ ያቀረበው እሱ ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ያምር ነበር። ግን አንሪ በ2001 በአመክሮ ከተፈታ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በአደንዛዥ ዕፅ ተይዞ እስር ቤት ተመልሷል። ይህን የማነሳው ሥራችን መልካም ሰው ፍለጋ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው። የተከራከርክለት ሰው ሊያሳፍርህ ይችላል። እኔንም ያሳፈሩኝ አሉ። አንዱ የእጅ ሰዓቴን ሰርቆኛል፣ ያውም በጠባቂ ፊት።

የደቡብ አፍሪካው አርተር ቻስካልሰንም ሌላው ናቸው። በ1964 ማንዴላና ጓደኞቻቸው ሞት ሊፈረድባቸው በተቃረበበት የሪቮኒያ ችሎት ከተከላካይ ጠበቆቹ አንዱ ነበሩ። በ1995 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የሞት ቅጣትን ሲሽር ደግሞ በፕሬዚዳንትነት የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ሰላሳ አንድ ዓመት መካከሉ ላይ አለ። በዩጋንዳ 417 ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች በአንድነት አቤት ብለው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ዳኛ ሳያመዛዝን በግዴታ የሚጣልን የሞት ቅጣት ሽሯል። ማላዊም በ2007 ተመሳሳይ ውሳኔ ተሰጥቶ ነበር። በማላዊ ጠበቆችና ረዳቶቻቸው የእስረኞቹን ታሪክ ፍለጋ መንደር ለመንደር ዞረዋል። ያረጀ መንገድ፣ የተጠራጠረ ጎረቤት፣ «ማን ጠየቀኝ» የምትል እህት። የማላዊዎቹን ነገር ሳነብ ካርቶኗ ትዝ አለችኝ። ቅጣታቸው እንደገና ከታየላቸው ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ከእስር ወጥተዋል።

ስለ ሟች ቤተሰቦች ዝም ካልኩ ግን ይህ ደብዳቤ የጠበቃ ደብዳቤ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜ ከችሎት ስንወጣ የሟች እናት ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «የእኔስ ልጅ፣ ለእሱ ማን ይቆምለታል?» ብቻ አሉኝ። ዐቃቤ ሕጉ ለልጅዎ ይቆማል ልል አሰብኩና ተውኩት። ልክ ነው፣ ግን መልስ አይደለም። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ለእሳቸው መልስ ማጣቴ ግን ያንን የሕክምና ካርድ ሳልፈልግ እንድተወው አያደርገኝም። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

የተሸነፍኩበት መዝገብም አለ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። በመጨረሻው ቀን ስገናኘው ከወር በፊት የተዋሳትን እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ መለሰልኝ። ቀለሟ አልቆ ነበር። ለቀለሙ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ከእናንተ የምፈልገው ይቅርታ አይደለም። አንድ መስመር ብትጨምሩ ይበቃኛል። ስለ ሞት ፍርድ ስትዘግቡ የሟችን ስም፣ የተከሳሹን ስም፣ የተፈጸመውን ድርጊት ትጽፋላችሁ። ተገቢ ነው። ጠበቃ የተመደበለት መቼ እንደሆነም ጻፉ። ከችሎቱ በፊት ስንት ጊዜ ተገናኙ? ቤተሰቡን ያነጋገረ ሰው ነበር? ለባለሙያ ገንዘብ ተፈቅዶለታል? ለዚህ ሁሉ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል። አንባቢያችሁ መልሱን ካየ በኋላ ይሙት ቢልም ይበል። ቢያንስ ምን አይቶ እንዳለ ያውቃል። «የገዳዩ ጠበቃ» የሚለው ርእስ ግን ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ይገላግለዋል። ጠበቃዋን የወንጀሉ ተባባሪ ያስመስላታልና ምን ያህል እንደሠራች የሚጠይቅ አይኖርም።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስላት ደስ አላላትም። «ይተዉት፣ የይግባኙ ቀን ደርሶብኛል» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ስደውልላት እስር ቤቱ በር ላይ ስልኳን ልታስረክብ ስትል ደረስኩባት። ስንተኛ ቀንሽ ነው አልኳት። ስድስተኛ ነው አለች።

«ተናገረ?»

«ገና ነው፤ ዛሬ ወረቀቱን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ» አለችና ዘጋችው።

አንድ የቆየ ጠበቃ