ከአለማያ የወጡ ሰዎችን ድምፅ እንቅዳ፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የአለማያ ልጆች፣ ውድ ወዳጆች፣

ባለፈው ዓመት ለቅሶ ልደርስ ደብረ ዘይት ሄጄ ነበር። ሟቹ ከአለማያ የእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቀው ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላና ጤፍ ሲያዳቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪ ሆነን ለልምምድ ስንሄድ ሜዳ ላይ የተቀበሉን እሳቸው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከደረት ኪሳቸው የማትጠፋ ትንሽ ደብተር ነበረቻቸው። የዘሩን ቁጥር፣ ያበበበትን ቀን፣ ዝናቡን፣ በሽታውን ሁሉ ይጽፉባታል። አንዷ ስታልቅ ሌላ ይገዛሉ።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን «የአባባ ደብተሮች የት አሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቤት ስንቀይር ከሌላው ወረቀት ጋር ለቆራሌው ሰጠናቸው። ማን ይፈልጋቸዋል ብለን ነው» አለኝ። አልፈርድበትም። ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም። ስንት ጊዜ በዚያ በኩል አልፌያለሁ። አንድ ቀን ገባ ብዬ፣ ስልኬን አውጥቼ «እስቲ ጋሼ ያጫውቱኝ» ብል ምን ነበረበት?

ይህን ጥሪ የምጽፈው ያ ቀን ስላልወጣልኝ ነው። ጥቂት የድሮ ተማሪዎች ተሰባስበናል። በአለማያ የተማሩ አንጋፋ ሰዎችን ታሪክ በድምፅ መቅዳት፣ ፎቶዎቻቸውንና ደብተሮቻቸውን ስካን ማድረግ ጀምረናል። እስካሁን በኪሳችን ነው የሠራነው። ከዚህ በላይ ግን ብቻችንን አንችለውም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የኮሌጁ ወረቀቶችም በብዛት በዚያ ስለሆኑ።)

ለወጣቶቹ ትንሽ ላስታውስ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ግቢ መነሻው የእርሻ ኮሌጅ ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1952 በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ያን ጊዜ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ) መምህራን መጥተው አቋቋሙት። ሐሳቡን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የመከሩት የዚያ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ነበሩ። እሳቸው ግን ኮሌጁን ሳያዩት በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ግቢው እስኪሠራ ድረስ ትምህርቱ ጅማ ተጀመረ። በ1956 ተማሪዎቹ ወደ አለማያ ተዛወሩ፤ በ1958 መጀመሪያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጁን መርቀው ከፈቱት። በ1985 ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2006 ሐረማያ ተባለ። እኛ ግን እርስ በርሳችን ስንገናኝ እስከ ዛሬ «አለማያ» ነው የምንለው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ኮሌጅ የተሠራው ለማስተማር ብቻ አልነበረም። ማስተማር፣ ምርምርና ገበሬውን ማገልገል አንድ ላይ ነበሩ። የአገሪቱ የእርሻ ኤክስቴንሽን ሥራ ራሱ እስከ 1963 ድረስ በኮሌጁ እጅ ነበር፤ ወደ እርሻ ሚኒስቴር የተዛወረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የአለማያ ተመራቂ ስንል ኮት ለብሶ ቢሮ የተቀመጠውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ጭቃ የረገጠው፣ በቅሎ ላይ ሆኖ ወረዳ ለወረዳ የዞረው ሁሉ አለበት።

ስማቸው የገነነውን ሁላችንም እናውቃለን። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን የማይጠቅስ የአለማያ ልጅ የለም። ወለንኮሚ ነው የተወለዱት፣ ባለ አንድ ክፍል ሣር ቤት ውስጥ። እናታቸው «ይማርልኝ» ባይሉ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር። ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እሑድ ማታ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ሳምንቱን እዚያው ሰንብተው ዓርብ ይመለሳሉ። ከዚያ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ አለማያ። በ1973 በእጽዋት ሳይንስ ተመረቁ። በሱዳን ሲሠሩ ያወጡት ሀጂን ዱራ-1 የተባለ ድቅል ማሽላ በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። ድርቅ የሚችል፣ ምርቱም ከአገሬው ዘር እጅግ የሚበልጥ ነበር።

ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ አቀንጭራ አዞሩ። አቀንጭራን ያላየ ሰው አበባ ሊመስለው ይችላል፤ ሐምራዊ፣ ቆንጆ ነገር ነው። ሥሩ ግን የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጥጠዋል። ገበሬው ሲያርመው ጉዳቱ ከመሬት በታች ካለቀ በኋላ ነው። ዘሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ገቢሳና ባልደረቦቻቸው የማሽላው ሥር የሚያወጣውንና አቀንጭራውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል አጠኑ፤ ያንን አሳንሶ የሚያወጣ ማሽላ አዳቀሉ። በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳይ ከኋይት ሐውስ ወሰዱ።

ዶ/ር ሰገነት ቀለሙም አሉ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው። በ1979 በእጽዋት ሳይንስ ሲመረቁ ዲግሪያቸው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ አለማያ ያን ጊዜ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ነበርና። ከአሜሪካ እስከ ኮሎምቢያ ሠርተው ወደ አፍሪካ ተመለሱ። ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት መሩ፤ በሴት ደረጃ የመጀመሪያዋ ናቸው። በ2014 የሎሬያል-ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አገኙ።

እነዚህ ታሪኮች አይጠፉም። ተሸልመዋል፣ ተጽፈዋል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ በመካከል ያለው ሰው ነው።

ገቢሳን አሜሪካ ወዳለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከወሰዷቸው ከማሽላ ተመራማሪው ከጆን አክስቴል ጋር ያገናኟቸው የአለማያ አስተማሪያቸው ነበሩ። አክስቴል ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የመጡት ማሽላ ሊሰበስቡ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከወሎ የመጡ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች በላይሲን የበለጸጉ ሆነው ተገኙ፤ ላይሲን በእህል ውስጥ የሚያንስ የፕሮቲን ክፍል ነው። ገበሬው ግን ላቦራቶሪ ሳይኖረው ቀድሞ አውቋቸዋል። አንዱን «ወተት በጉንጬ» ብሎታል። ሌላውን «ማርጩቄ» ብሎታል። ስሙን ስሙልኝ እስቲ! አለማያ ላይ በዶ/ር ብርሃነ ገብረ ኪዳን የሚመራ የማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክት ነበረ። ከዚያ ቡድን ጋር ጆንያ ተሸክሞ ወሎና ሐረርጌን የዞረው ሾፌር፣ ዘሩን በወረቀት ከረጢት ቁጥር የሰጠው ቴክኒሻን፣ እሸቱን አቅምሳ «ይህ ለልጅ ነው የሚሰጠው» ያለች ገበሬ፣ እነዚህን ማን ጠየቃቸው?

ወይም የጤፍን ነገር ውሰዱ። የደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ ለብዙ ዘመን በኮሌጁ ሥር ነበር። የጤፍ አበባ በዓይን ለማየት እንኳ የምታስቸግር ናት። በራሷ የወንዴ ብናኝ ነው ዘር የምትይዘው። ስለዚህ ሁለት ጤፍ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የጤፍ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ ዘዴውን አገኙት። አበባዋ የምትከፈተው በማለዳ፣ ከንጋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ የመጡት ድቅል የጤፍ ዝርያዎች በሙሉ በዚያች ማለዳ በር ነው የገቡት። እነማን አብረዋቸው በብርድ ተንበረከኩ? አጉሊ መነጽሩን ማን ያዘ? ጋሼም አንዳንድ ማለዳ ስለዚህ ሲያወሩ እሰማ ነበር። በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማሁት።

በነገራችን ላይ ከደብረ ዘይት ከወጡት የጤፍ ዝርያዎች አንዷ ስሟ «ወለንኮሚ» ነው። የገቢሳ አገር። ይህን ሳውቅ ልቤ ደስ አለው።

እንግዲህ ሒሳቡን አስቡት። የመጀመሪያዎቹ ባቾች በሕይወት ካሉ ዘጠና ደፍነዋል ወይም ተጠግተዋል። በ1960ዎቹ የተመረቁት ሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው። ከኦክላሆማ መምህራን ጋር ቁጭ ብሎ የተማረ፣ የአለማያን ሐይቅ ሙሉ ሳለ ያየ፣ ከድሬዳዋ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት በአፈር መንገድ የወጣ ሰው ነገ ላናገኝ እንችላለን። ሐይቁ ደርቆ አይተናል፤ ከዓመታት በኋላ ውኃ ሲመለስበትም አይተናል። ሰው ግን እንደዚያ አይመለስም።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። በመጀመሪያው ዙር 60 ሰዎችን መቅዳት እንፈልጋለን። ቅድሚያ የምንሰጠው ለዕድሜ ነው፤ ለማዕረግ አይደለም። ፕሮፌሰሩም፣ የወረዳ ባለሙያ የነበሩትም፣ የመስክ ቴክኒሻኑም፣ ከወንዶቹ መካከል ጥቂት ሆነው የተማሩት ሴቶችም አሉበት። ሴቶቹን በተለይ አጥብቀን እንፈልጋለን፤ በዚያ ዘመን በዚያ ግቢ እንዴት እንደኖሩ የሚነግረን ሌላ የለም። ሰዎቹ በፈለጉት ቋንቋ ያወራሉ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ። ቋንቋውን የሚችል ሰው ይዘን እንሄዳለን።

የአንድ ሰው ወጪ 12,000 ብር ይሆናል ብለን አስልተናል። 6,000 ብሩ ከእኛ ጋር ለሚሄዱት ሰዎች መጓጓዣና ማደሪያ ነው። ሰዎቹ ጅማም አሉ፣ ሐዋሳም፣ መቀሌም፣ ባቴም። 4,500 ብሩ የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ ለሚያወርድ ተማሪ ይከፈላል። የሁለት ሰዓት ቅጂ ቀናት ይፈጃል፤ ልጆችን በነፃ ማድከም ተገቢ መስሎ አልታየንም። ቀሪው 1,500 ብር ለፎቶና ለደብተር ስካን ነው። የ60 ሰው ድምር 720,000 ብር ይመጣል። ለመቅረጫ፣ ለስካነርና ለሁለት ማከማቻ ዲስኮች ደግሞ 180,000 ብር ያስፈልጋል። በጠቅላላው 900,000 ብር። አስተባባሪዎቹ ምንም ክፍያ አንወስድም፤ የራሳችንን ትራንስፖርትም ራሳችን ነው የምንችለው።

አንድ ባች ተሰባስቦ 12,000 ብር ቢያወጣ የአንድ መምህሩን ድምፅ አስቀረ ማለት ነው። 500 ብር የሚችል 500 ብር ይስጥ። በውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ የድሮ ልጆች፣ ለእናንተ ይህ ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ከበድ ያለውን ድርሻ ከእናንተ እንጠብቃለን። ይህን በግልጽ ብናገር አትቀየሙኝም ብዬ ነው።

ሒሳቡ የጋራ ነው፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። ቁጥሩ በየባቻችሁ ተወካይ በኩል ይደርሳችኋል። በማንም ግለሰብ ስልክ ወይም የግል ሒሳብ ገንዘብ አትላኩ፤ እኔ ነኝ ብሎ ቢደውልላችሁ እንኳ። በየሁለት ወሩ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ከደረሰኝ ጋር እናሳውቃለን።

ስለ ይዘቱ የሚያሳስባችሁ ይኖራል። ያ ትውልድ አብዮትን፣ እስርን፣ ስደትን አልፏል። ከአንድ መኝታ ክፍል ወጥተው በተለያየ ጎራ የተሰለፉ፣ ያልተመለሱም አሉ። ማንንም አናስገድድም። ተናጋሪው «ይህ አሁን አይውጣ» ካለ አይወጣም። «እኔ ካለፍኩ በኋላ» ካለም እንጠብቃለን። የቀረውን ግን ማንም በነፃ እንዲሰማውና እንዲያነበው እናደርጋለን፤ አንድ ቅጂም ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ለመስጠት አስበናል።

ገንዘብ ብቻ አይደለም የምንለምነው። ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ። የምረቃ መጽሔት፣ የሜዳ ልምምድ ፎቶ፣ የካፌ ካርድ፣ ከመምህር የተጻፈ ደብዳቤ ካለ አትጣሉት። ስካን አድርገን ዋናውን እንመልሳለን። የእኔ የምረቃ ፎቶዎች ቤት ውስጥ ውኃ ገብቶ ተበላሽተዋል፤ ከባቼ አንድ ሰው የቡድን ፎቶውን ቢልክልኝ ለእኔም ውለታ ነው። ወላጆቻችሁ ወይም አጎቶቻችሁ አለማያ የተማሩ ከሆነ ደግሞ እኛን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቡና ተፈልቶ ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና «እስቲ መጀመሪያ ግቢው የደረስክበትን ቀን ንገረኝ» በሉ። ቅጂውን ለእኛ ላኩልን።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ነው። ዝናቡ ሳይጀምር መውጣት አለብን። እዚያ አካባቢ የሚኖሩ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው የአለማያ ሰው የምታውቁ ከሆነ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ለባች ተወካያችሁ በዚህ ሳምንት ንገሩ። ገንዘቡ ሳይሞላም ቢሆን እነሱ ጋ እንሄዳለን።