ለእማዬ፣ መሐል ሜዳ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

«ሴቶቹ የሞተ ሰው ሐውልት ላይ ቀለም የሚደፉት ምን አድርጓቸው ነው?» ያልሽኝ በስልክ የሚያልቅ አይደለምና ልጻፍልሽ።

ሰውየው ኢንድሮ ሞንታኔሊ ይባላል፤ በጣሊያን ስመ ጥር ጋዜጠኛ ነበር። በወረራው ጊዜ ወጣት መኮንን ሆኖ መጣና ኤርትራ፣ ሰገነይቲ ላይ የ12 ዓመት ልጅ ገዛ። ራሱ እንደተናገረው ልጅቱ፣ ፈረስና ጠመንጃ አንድ ላይ 500 ሊሬ ወጣባቸው። ስሟን አንዴ ፋጢማ፣ አንዴ ደስታ ይላል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ዋጋዋን ይናገራል፣ ስሟን ግን አላጸናም። አስመራ የተወለደችው ጸሐፊና የሴቶች መብት ተሟጋች ኤልቪራ ባኖቲ በ1969 እ.ኤ.አ. «አውሮፓ ቢሆን መድፈር አይባልም ወይ?» ብላ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ጠየቀችው። አፍሪካ ሌላ ነው አላት። ይህ እየታወቀ በ1998 ዓ.ም. ሚላኖ መናፈሻ ውስጥ ሐውልት ቆመለት።

«ኖን ኡና ዲ ሜኖ» የተባለው የሴቶች ንቅናቄ የካቲት 29 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በሴቶች ቀን፣ ሮዝ ቀለም ደፋበት። ታጥቦ የሚለቅ ቀለም ነው የመረጡት፤ ደግ አደረጉ። የዘይት ቀለም ቢሆን ማስለቀቂያው የነሐሱን ልባስ ይበላዋል፤ ያኔ ወሬው ልጅቱን ትቶ ስለ ነሐሱ ይሆናል። ሰኔ 2012 ሌሎች ቀይ ቀለም ደፍተው «ዘረኛ፣ ደፋሪ» ብለው ጻፉበት። ሁለቱም ጊዜ ታጠበ፤ ሐውልቱም እዚያው ቀረ።

ሜክሲኮ ሲቲ ያሉት ሴቶች ግን ቦታውንም ያዙ። የኮሎምበስ ሐውልት ተነሥቶ መቆሚያው ባዶውን ሲቀር፣ መስከረም 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ክንዷን ያነሣች ሐምራዊ የእንጨት ሴት ተከሉበት፤ ኋላ በብረት ተኳት። በዙሪያው አጥር ላይ የተገደሉና የጠፉ ሴቶችን ስም ጻፉ። ስሞቹ ቀለም ተቀብቶባቸው ሲጠፉ ደግመው ጻፉ።

አሁን ወደ እኛው፣ መንዝ ወዳለው የዘረት ዋሻ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ጣሊያን ዋሻው ላይ የመርዝ ጋዝ ሲለቅ፣ ከአርበኞቹ ጋር ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለእነሱ ድንጋይ እናቁም ከተባለ ስማቸው በቀለም አይጻፍ፤ ጠለቅ ብሎ ይቀረጽ። ድንጋዩም ጠንካራው ጥቁር ይሁን፤ ለስላሳው ውኃ ይጠጣና በመንዝ ውርጭ ይፈረፈራል። «የእገሌ ሚስት» ሳይሆን የራሷ ስም፣ ከነአባቷ፣ ከነአጥቢያዋ። ሁለት ሰው ያልመሰከረለት ስም አይቀረጽ፤ ድንጋይ ላይ የተሳሳተ ፊደል አይፋቅም።

ከዕድርሽ አሮጊቶች የሰማሽውን ስም ሁሉ፣ ማን እንደነገረሽ ጭምር፣ ለልጆቹ አስጽፊና ላኪልኝ። ሌላው ይቆየን፤ ስሞቹ ግን ከነጋሪዎቹ ጋር እንዳይሄዱብን።

ልጅሽ