የታመመ ሰው ሲቀባጥር መጀመሪያ ስኳሩ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ነርስ ነኝ፤ የምሠራው የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። ሳምባ ወይም ኩላሊት አሟቸው የተኙ አባት ትናንት ሲያጫውቱን ውለው ዛሬ ማታ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠራሉ፣ ክንዳቸው ላይ ያለውን መርፌ ይነቅላሉ፣ ካልሄድኩ ብለው ይነሳሉ። አስታማሚው ወይ «እርጅና ነው» ይላል፣ ወይ «አጉል ነገር ነካቸው»። ኧረ ቆይ! መጀመሪያ ስኳራቸው ይለካ።

ሰው ልወቅስ አይደለም፣ እኔም ቤት ደርሷል። አባቴ ለስኳራቸው ለዓመታት ግሊቤንክላማይድ የሚባል ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ይወስዱ ነበር። የሳምባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ሲተኙ ምግብ እምቢ አሉ፣ ኩላሊታቸውም ደከመ፣ ኪኒኑን ግን ማንም አላስቆመም። ሌሊት ላይ «በቅሎዋን ጫኑልኝ፣ መሸብኝ» ማለት ጀመሩ። አክስቴ ጠበል እንውሰዳቸው ስትል እኔ ነርሷ ትኩሳት ነው ብዬ ግንባራቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጌ ቁጭ! ላባቸው ቀዝቃዛ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም። ተረኛው ሐኪም ጣታቸውን ወግቶ ሲያየው 38። ከ70 በታች ራሱ ዝቅተኛ ነው። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ስር ተሰጣቸውና ብዙም ሳይቆዩ «ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አሉን። ሊነጋ ሲል ደግሞ ተመልሶ ወረደ። ይህ ኪኒን ኩላሊት ሲደክም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ስለዚህ አንዴ ግሉኮስ ሰጥቶ «በቃ ተሻላቸው» ብሎ መተኛት የለም፣ ግሉኮሱ በጠብታ ይቀጥላል፣ ስኳሩም በየሰዓቱ ይታያል።

ስኳር ብቻም አይደለም። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ከ135 እስከ 145 መሆን ሲገባው፣ ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒን የሚወስዱ አዛውንቶች ላይ አንዳንዴ ብዙ ይወርዳል፣ ያኔ አንጎል ውሃ ይቋጥራል። ጨው ነው ያነሰው ብሎ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ግን አይሆንም፤ በጥድፊያ ከፍ ከተደረገ እሱም አንጎል ይጎዳል። ጉበቱ የታመመ ሰው ደግሞ ሆዱ ሲደርቅ ደሙ ውስጥ አንጎል የሚያደነዝዝ አሞኒያ የሚባል ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ ላክቱሎስ የሚባለው ጣፋጭ ሽሮፕ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። «አስቀመጠው» ብለው የሚያቆሙ ቤተሰቦች ስንቱን አየሁ። ማስቀመጥማ ሥራው ነው! በቀን ሁለት ሦስቴ እንዲወጣለት ነው የምንፈልገው።

የሚረብሸው በሽተኛ እንኳ ቢያንስ ይታያል። እኔን የሚያስፈራኝ ጸጥ ያለው ነው። «ዛሬስ እንቅልፍ ወሰደው፣ ተመስገን» ይባላል፤ ሰውየው ግን ኩላሊቱ ያላጣራው ቆሻሻ ወይም ሳምባው ያላስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አፍዝዞት ይሆናል።

አስታማሚዎች፣ የትናንቱን ሰው የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ዛሬ ተረኛ ሆነን ገና ማየታችን ነው። «አባቴ እንዲህ አልነበሩም» በሉን፣ ሳትፈሩ ደጋግማችሁ በሉን። ለአስተዳዳሪዎቻችን ደግሞ፦ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ሌሊት አለቀ መባል የለበትም፣ የሶዲየም ምርመራም «ውጭ አሠሩ» እየተባለ አስታማሚ በጨለማ መንከራተት የለበትም።

ጠበሉን አልቃወምም። አባቴም ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ሄደዋል፣ ኪኒናቸው ተቀይሮላቸው።

ነርሷ፣ ከአዲስ አበባ