ዝናብ በሃይላንድ፦ የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዘገባ

የዘንድሮውን ሥራ የመረጠልን የጎፋው አደጋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱ ላይ ወረደ። እኛ ደግሞ ደሴ ነን፤ ከላይ የጦሳ ተራራ፣ ከታች ገደል። መስከረም ላይ ሌላ ርዕስ ያነሳ ልጅ አልነበረም።

የዝናብ መለኪያችን ሃይላንድ ነው። አንገቱን ቆርጦ ገልብጦ መክተት፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ መለጠፍ። ቂጡ ወጣ ገባ ስለሆነ ግን መጀመሪያ እስከ ዜሮ ውሃ ይሞላል። ይህን ያወቅነው የአንድ ወር ልኬት ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ የጥበቃው ጋሼ ውሃውን ደፍተው፣ ጠርሙሱን አጥበው በሥርዓት አስቀመጡልን።

40 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ፈሰሰ ማለት ነው። መዝገባችን ሁለት ዓምድ አለው፦ የዕለቱ ዝናብና ያለፉት 10 ቀናት ድምር። ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ውሃ የጠገበ አፈር ውስጥ ውሃው ራሱ አፈሩን እየገፋ መያያዣውን ያላላዋል። ያኔ ለመናድ መለስተኛ ዝናብም ይበቃዋል።

በበልግ ተዳፋቱን ዞርን። ከፕሮትራክተር፣ ከክርና ከብሎን በተሠራ መለኪያ ዘዌውን ወሰድን። መሬቱ ቀስ እያለ እየተንሸራተተ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማሉና ግንዳቸው ከሥር የጎበጠ ባህር ዛፎችን ቆጠርን። አንዲት እናት፣ «በሩ አልዘጋ ብሎኝ አናጢውን ስረግም ከረምኩ» አሉን። ነገሩ ግን የአናጢው አይመስልም፤ ከቤታቸው ጀርባ መሬቱ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ተከልን። ሚያዝያ ላይ 1 ሜትር የነበረው ርቀት ግንቦት መጨረሻ ላይ 1 ሜትር ከ2 ሳንቲም ሆነ። ወዲያው ለቀበሌው አሳወቅን።

የከበደን ክርክር ግን ሌላ ነበር። «ናዳ የወረደበት ቦታ ቶሎ አትግቡ» ስል አንዷ ተማሪ ተነሳች። «ታዲያ ቲቸር፣ ጎረቤት ሲቀበር ቆመን እንይ?» ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ የተስማማነው፣ የሚቆፍር ካለ አንድ ሰው ከጎን ራቅ ብሎ ላዩን እያየ ፊሽካ ይያዝ በሚለው ነው። ልጅቷ አሁንም አልተዋጠላትም።

ዋናው ክረምት የሚመጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ተዳፋቱ አጠገብ የሚኖሩ ሰባት ልጆች መለኪያ ይዘው ሄደዋል። አንዱ መለኪያ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቀርቷል። የጥበቃው ጋሼ መለኪያውን ማንበብ ተምረዋል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ይደፋሉ።