የመካኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ መሪው ከመገጠሙ በፊት

የመካኒክስ ክበባችን ዘንድሮ የከረመው በአንድ ሥራ ላይ ነው። ሥራውም ሁላችሁም የምታውቋት፣ ከእጅ ሥራ ክፍሉ ጀርባ ቆማ የኖረችው አሮጌ ሞሪስ ማይነር መሪዋ እንዲስተካከል ማድረግ ነበር። በዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ መኪናዋ እንደ ቆመች ያዩ አንዳንድ ወላጆችና ባልደረቦች «ለአንድ ዕቃ ይህን ያህል ጊዜ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ይህን ዘገባ የምጽፈው በአመዛኙ ለእርሱ መልስ ለመስጠት ነው።

የተለመዱትን ተግባራት ባጭሩ ልለፋቸው። አዳዲስ አባላት ተመዝግበዋል፤ የሥራ ክፍፍልና የደኅንነት ደንብ ጸድቋል፤ ሳምንታዊ ስብሰባዎቹም ቃለ ጉባኤ ተይዞላቸዋል። መሃል ላይ የተወሰኑ አባላት ሥራው ስለ ዘገየባቸው ወደ ሌሎች ክበባት ሄደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የቀረበችውና አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ሞሪስ ማይነር መሪዋ የራክና ፒኒየን ዓይነት ነው። በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለው ትንሽ ማርሽ፣ ማለትም ፒኒየኑ፣ ጥርስ የወጣለትን ረጅም ብረት፣ ማለትም ራኩን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነዳዋል፤ በራኩ ጫፎች የተያያዙት ታይሮድ የሚባሉት ዘንጎች ደግሞ የፊት ጎማዎቹን ያዞራሉ። ራኩ ከፒኒየኑ እንዳይርቅ ከበስተጀርባው በሞላ የሚገፋ መደገፊያ አለው፤ የዚህ መደገፊያ ክፍተት የሚስተካከለው በስስ ሮንዴላዎች ሲሆን ልኩ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ያህል ጥቃቅን ልክ ያለው ነገር በእጃቸው ይዘው መማራቸውን «ጨዋታ» ብሎ ማለፍ እንደማይገባ አምናለሁ።

ለጥገና የተላከው ራክ ታድሶ ሲመለስ ቀለሙ አዲስ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት የጎማ (የላስቲክ) ሽፋኖችም አዲስ ነበሩ፤ ልጆቹም በዚያው ቀን ሊገጥሙት ተቻኩለው ነበር። ይሁን እንጂ የክበባችን ደንብ የታደሰ ዕቃ ሁሉ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ እንዲፈተሽ ያዛል፤ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ጥብቀቱ ከራኩ ይምጣ ወይም ከተጣመመ የመሪ ዘንግ ለይቶ ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነውና። ስለዚህ የራኩን ቤት እንዳይጨፈለቅ በእንጨት ደግፈን ሞርሳ ላይ አሰርነው፤ ፒኒየኑን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አዙረን ዙሩን ቆጠርን፤ ግማሹ ላይ የመሃል ምልክት አደረግን፤ ራኩ ከመሃል ወደ ሁለቱም ወገን እኩል መሄዱንም አረጋገጥን። በመሃሉ ላይ ምንም ልልነት ስላልነበረ አብዛኞቹ ምርመራው ያበቃ መስሏቸው ነበር።

በዚህ ጊዜ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ በስብሰባ ላይ ብዙም የማትናገር ልጅ፣ «መሃሉን ብቻ ነው የለካነው፤ ዳሩስ?» አለች። ጓደኞቿ በእጃቸው ቢያዞሩት ልዩነቱ አልተሰማቸውም። እርሷ ግን አልተወችውም፤ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሞላ ሚዛን አስመጥታ፣ በፒኒየኑ ጫፍ ላይ አንድ ክንድ አሰረችና በየግማሽ ዙሩ ለማዞር የሚያስፈልገውን ጉልበት እየለካች በደብተሯ መዘገበች። መሃሉ ላይ በቀላሉ የሚዞረው ፒኒየን ወደ ሁለቱ ጫፎች በተጠጋ ቁጥር እየጠበቀ ሄደ፤ ቁጥሮቹ በሰንጠረዡ ላይ ከዳርና ከዳር ከፍ፣ ከመሃል ዝቅ ብለው በግልጽ ታዩ።

ምክንያቱንም ራሷ ለክበቡ አስረዳች። መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቀጥ ብሎ በመሆኑ የራኩ ጥርሶች ከሁሉ በላይ የሚበሉት መሃል ላይ ነው። አዳሹ የተበላውን ራክ ሳይለውጥ ልልነቱን መደገፊያውን በማጥበቅ ብቻ ካጠፋው፣ ያልተበሉት የዳር ጥርሶች ይጨነቃሉ፤ እንዲህ ያለ መሪ ደግሞ ኩርባ ላይ ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታው ለመመለስ ይቸገራል። ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ አንድ ተማሪ «አዲስ ይመስላል» በሚለው ሳትረካ በራሷ ልኬት እውነቱን ስታወጣ ማየት ግን እጅግ ነክቶኛል፤ ይህን ክበብ የምመራውም ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ የጎማ ሽፋኑን ማሰሪያ ፈትተን ውስጡን ስናይ የታይሮዱ የውስጥ መጋጠሚያ ደረቅ ሆኖ አገኘነው። የታደሱ ራኮች አንዳንድ ጊዜ ያለ ዘይት ስለሚላኩ ይህን ማየት የግድ ነው። የልጅቷን ሰንጠረዥ ከደብዳቤ ጋር አያይዘን ራኩን መለስነው፤ መልሱ ስለ ዘገየ ግን መኪናዋን ለበዓሉ ማድረስ አልተቻለም። በመጨረሻ ራኩ ተለውጦ ሲመጣ ያው ልኬት ተደገመ፤ ጉልበቱም ከዳር እስከ ዳር ተቀራራቢ ሆነ። ታይሮዶቹም ሲነኩ የሚወዛወዙ ሳይሆኑ በተተዉበት የሚቆሙ ነበሩ።

አሁን ራኩ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ተሞልቶ፣ መሃሉ ላይ ተይዞ፣ የመሪው ክብም ቀጥ ብሎ ተገጥሟል። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተን መሪውን ያዞርነው በዝግታ ነው፤ በፍጥነት ቢዞር የሚገፋው ዘይት የጎማ ሽፋኑን ሊቀድደው ይችላልና። የቀረው የፊት ጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል ነው፤ መኪናዋ ከዚያ በፊት ከግቢ አትወጣም።

ስለ መሣሪያ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክበባችን የራሱ የሞላ ሚዛን የለውም፤ ጥቃቅን ልልነት የሚለካበት ዳያል ጌጅም የለውም፤ ባለ ልክ ማጥበቂያ ቁልፉም የውሰት ነው። ለዋንጫ መደርደሪያ በጀት የሚገኝ ከሆነ ለመለኪያ መሣሪያም ሊገኝ ይገባል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር፣ የወላጆች ኮሚቴና የቀድሞ ተማሪዎች እነዚህን ሦስት መሣሪያዎች በማሟላት እንዲያግዙን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ሥራችን ፍሬን ነው፤ የፍሬኑ ሲሊንደሮችም እንደ ራኩ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተለክተው ካላለፉ አይገጠሙም።