ይድረስ ለወንድሜ፤ ስለዚያች አሮጌ መኪና

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? የእናትህን የእማማን ዕረፍት እንደ ሰማሁ መደወል ሲገባኝ ነገ ዛሬ ስል ሁለት ዓመት አለፈ፤ በዘገየሁ ቁጥርም ስልኩን ማንሳት እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በለኝ። ሌላውን ድምፅህን ስሰማ እነግርሃለሁ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን የመኪናዬ ነገር ነው። እናቴ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ እኅቴ ዘንድ ስለምትኖር በየወሩ ወደ 400 ማይል እነዳለሁ፤ ቀኝ ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ደግሞ ያን መንገድ ያለ ክሩዝ ኮንትሮል (ነዳጅ ሳይረግጡ የመኪናዋን ፍጥነት ይዞ የሚያስኬደው መሣሪያ) መዝለቅ ይከብደኛል። ይኸው ክሩዝ መለገም ጀመረ። አንዳንድ ቀን ከከምበርላንድ ወዲያ ባለው ተራራ ላይ በ60 ማይል እየሄድሁ በድንገት ይለቀኛል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ቁልፉን ደጋግሜ ብጫነው ከነጭራሹ አይዝም። አንተ ብትሆን ገና ከመነሻው ለያይተህ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔ ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ቆጥሬ አራት ወር ባከንሁ።

የመጀመሪያውን ያገኘችልኝ ልጄ ናት። በሌላ መኪና ስትከተለኝ፣ ፍሬን ሳልረግጥ የፍሬን መብራቴ ብልጭ ሲል አየች። ለካ ከፔዳሉ በላይ ያለችው ስዊች የምታርፍባት ትንሽ ላስቲክ ተፈርፍራ ኖሮ፣ መንገዱ ባንገጫገጨኝ ቁጥር መኪናዋ ፍሬን የያዝሁ እየመሰላት ክሩዙን ትቆርጠው ነበር። ላስቲኳን ለወጥሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ለቅቆኝ አያውቅም። ያን ማታ፣ ደሴ ላይ በተበላሸ ሽቦ የተነሣ እንቅልፍ ያጣህበት ሌሊት ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ዛሬም የተበላሸ ሽቦ ካለ እንቅልፍ እንቢ ይልሃል?

ሁለተኛው ነው ያስጨነቀኝ። ክሩዙ አልይዝ በሚልበት ቀን ክላክሱም አይጮህም። ፊውዞቹ ደህና ናቸው። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙሬ ስመልሰው ግን ሁለቱም አብረው ይነሳሉ። ስለዚህ ከመሪው ሥር እንደ ሰዓት ሞላ የሚጠቀለለውና የሚፈታው ጠፍጣፋ ሽቦ ተሰንጥቋል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ የክሩዙም የክላክሱም መስመር የሚያልፈው በእርሱ ነውና። በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሾፌሩን የሚከላከለው የኤርባግ መስመርም እንዲሁ። የኤርባጉ የማስጠንቀቂያ መብራት እስካሁን አልበራም፤ ይሁንና አንዱ መስመር ከተሰነጠቀ ሌላው እስከ መቼ ይቆያል? ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን የምትይዘው ልጄ ናት። ክሩዙ ቢቀር በየመንገዱ እየቆምሁ፣ ጉልበቴን እያሳረፍሁ እሄዳለሁ፤ ኤርባጉ በሚያስፈልጋት ቅጽበት ላይከፈት ይችላል የሚለው ሐሳብ ግን ቁልፉን እንዳልሰጣት አድርጎኛል።

የሰፈሬ ጋራዥ ኮምፒውተሩ ጥፋት አላሳየም ብሎ መለሰኝ። ራሴ ልፈታው አስቤ ነበር፦ ባትሪውን ነቅሎ መቆየት፣ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ አዲሱንም ከመሐል ልኩ ላይ መግጠም እንደሚገባ፣ አለዚያ መሪው ሲዞር እንደሚበጠስ አውቃለሁ። የኤርባጉን መስመር በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አልነካም፤ የክላክሱን ብቻ ለክቼ ልፍረድ? ወይስ... እንዴት እንደምልህ አላውቅም፤ እጄ ፈርቷል። ለባለሙያ ስጠው ካልኸኝ እሰጠዋለሁ።

እሁድ አንተ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ። አስቀድመን ስለ እማማ እንነጋገራለን፤ እስከዚያው መኪናዋ ቆማ ትጠብቃለች።

ወንድምህ